ከቡዳዋ ጋር ወደ አሶሳ

ድባጤ ውስጥ ወጡን በሸክላ ድስት የማይሠራ ቤት አላውቅም። ድስቱን የሠራችውን ሴት ግን አስገብቶ ወንበር የሚሰጥ ቤት አላየሁም። እኔ ሙያውን የተማርኩት ከእንደዚያች ሴት ነው። ዘመዶቼ «ምን ጎደለብሽና ጭቃ ታቦኪያለሽ?» ብለው አኮረፉኝ። እኔም አኮረፍኳቸው፤ እስከ ዛሬ አልናፈቁኝም።

እትዬ ነበር የምላት። ስንት ዓመት ሸክላ ስትተኩስ ጭሱ ዓይኗን ጨርሶታል። ከክንድ የራቀውን ነገር ሰው ይሁን ፍየል አትለይም። ድስት መሰንጠቁን እንኳ የምታውቀው በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ሰምታ ነው። ስለዚህ አሶሳ ለባዛር ስትጠራ እኔ ተማሪዋ ዓይኗ ሆኜ ተከተልኳት።

መንገዱ ያኔ በእጀባ ብቻ ነበር የሚኬደው። ከፊትና ከኋላ ወታደር የጫነ መኪና፣ መሀል እኛ በቅጥቅጥ አውቶቡስ። ድስቶቻችን በጭድ ተጠቅልለው ጣሪያ ላይ ወጡ። ውሃ የሞላውን ገንቦ ግን እትዬ እግሯ መሀል ያዘችው፤ የፕላስቲክ ውሃ ጉባ ሳይደርስ ሻይ ይሆናል ትላለች። ረዳቱ ምን ሙያ እንዳላት ስለሚያውቅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ወረወረን። ከፊታችን ያለው ወንበር ባዶውን ሄደ፤ ሰዎች መተላለፊያው ላይ ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል። ጥይት ቢፈሩ ይገባኝ ነበር። እነሱ ግን ጫካውን ትተው የፈሩት አንዲት ዓይኗ የሞጨሞጨ አሮጊት ነው።

ጉባ ላይ፣ ግድቡ ጋ ልንደርስ ስንል፣ መንገዱ እስኪጣራ ቁሙ ተባልን። መውረድም ተከለከለ። የጉባን ሙቀት ላላየ ሰው ማስረዳት ድካም ነው። የፕላስቲክ ውሃው ሁሉ አለቀ። ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ ግድቡ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ላባችንን እየጠረግን ላለነው ያስተምራል። በዚህ መሀል የአንዲት እናት ሕፃን ዓይኑ ተገለበጠና እቅፏ ውስጥ ዝልፍልፍ አለ።

ገንቦውን ይዤ ተነሳሁ። «ውሃ አለን፣ አጠጭው» አልኳት።

እጇን ልትዘረጋ ስትል ባለከረባቱ መሀላችን ገባ። «አብደሻል? ከተሳፈርን ጀምሮ ዓይኗን ከልጅሽ ላይ አልነቀለችም። በልታዋለች!»

«ወላሂ፣ እሱ ሴትዮ ምንም አላደረገም። ሙቀት ነው። ውሃ ስጡት» አለ በተሰባበረ አማርኛ አንድ የአሶሳ ነጋዴ። ሲጮሁበት እሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ሁሉ ሰው ደፋሩ እሱ ነበር።

ወዲያው አውቶቡሱ በአንድ አፍ «ትፊበት! ትፊበት!» ይል ጀመር። ቡዳ የበላውን የሚለቀው ራሱ ሲተፋበት ነዋ! ረዳቱ እትዬን ክንዷን ይዞ እየጎተተ ወደ ልጁ ወሰዳት። «ካልተፋሽበት እዚሁ ጫካ ጥዬሽ ነው የምሄደው» አላት። ወታደሮቹ እንኳ ብቻቸውን የማይገቡበት ጫካ ነው። እኔ ስድቡ አፌ ላይ ሞልቷል። የፈራሁት ለእሷ ይሁን ለልጁ አላውቅም።

እትዬ ግን ምንም አልመሰላትም። «አፌ ደርቋል። በደረቅ አፍ ምን ይተፋል? ገንቦውን አቀብይኝ» አለችኝ።

ተጎነጨች። በእጇ ዳብሳ የልጁን ራስ አገኘችና፣ እንትፍ! ፊቱ ላይ። ደግማ ተጎነጨች፣ እንትፍ! አንገቱና ደረቱ ላይ። በየመሀሉ ጣቷን እያረሰች ከንፈሩ ላይ ታንጠባጥባለች። ማንም አልከለከላትም፤ ትፊ ያሏት ራሳቸው ናቸው። ገንቦው ሲጋመስ ልጁ ጣቷን መጥባት ጀመረ፣ ከዚያም አለቀሰ።

እልልታው ቀለጠ። ለእሷ እንዳይመስላችሁ። ባለከረባቱ ደረቱን ነፍቶ «አላልኳችሁም? የበላችው እሷ ባትሆን ስትተፋበት ይነሳ ነበር?» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ እናትየውም ጭምር። ስልክ የሚነካኩ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ናቅኳቸው። ዛሬም ገበያ ላይ ድስቴን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ የሚያገላብጥ ሰው ሳይ ያው ንቀት ይመጣብኛል።

መንገዱ ተከፈተ። እናትየው ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችና ጀርባዋን ሰጠችን። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ተሳፋሪው በሙሉ ግድቡን ለማየት ወደ መስኮቱ ተንጋጋ። እትዬ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ለመሆኑ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ልጁ ያምራል?»