ለገመቹ ያቀበልሁት ሐሰት

ባለፈው ወር የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች አንዲት ወረቀት ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። በወረቀቷ ላይ የጻፉት ጥያቄ አጭር ነበር፦ ልጆች በስልክና በቴሌቪዥን ከሚያዩአቸው ተከታታይ ፊልሞች፥ በተለይም ከጃፓን ከሚመጡት በሥዕል ከተሠሩት፥ የትኞቹን ለሌላ ሰው ብንጠቁም ይጠቅማሉ? ከመካከላቸው ደፋሩ ሳቁን በነጠላው ጫፍ እየሸፈነ «መምህር፥ እርስዎም አኒሜ ያያሉ አሉን፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልሁ። የልጅ ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች፤ እኔም መነጽሬን አስተካክዬ አብሬአት አያለሁ። ስለ ሁለት ወንድማማች ጫማ ሰፊዎች የሚናገረውን፥ ደግሞም የሟች እናቷን የወጥ አሠራር በየመንደሩ እየዞረች የምትፈልገውን ልጅ ታሪክ በሙሉ ልቤ ጠቆምኋቸው፤ ደም የሚረጭበት ግን ለሕፃናት አይሁን አልሁ። ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ከሁሉ አስቀድሜ ልጠቁመው የሚገባኝን አንዱን ግን አልጠቆምሁም። ስሙን አላውቀውም። ስለ እርሱ ለመናገር ደግሞ በልጅነቴ የሠራሁትን መናገር ግድ ይሆንብኛል፤ ያን እስከ ዛሬ ከንስሐ አባቴና ከበደልሁት ሰው በቀር የሰማው የለም። ዕድሜዬ ከገፋ በኋላም ነገሩ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴ ይግላል።

አዳማን ናዝሬት ብለን በምንጠራበት ዘመን፥ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ በምትገኝ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እማር ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይግላል፤ ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ በተዘረጋው መጽሐፍ ላይ ይበትነዋል፤ እኛም ገጹን በክንዳችን እየጠረግን እናነባለን። ከወንጂ የሚመጣው የሸንኮራ መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ ተማሪው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል፤ አንዲት አገዳ ብትወድቅ ቀድሞ የደረሰ ይበላታልና። ለዚያ ብሎ ጆሮውን የማያቆመው ገመቹ ብቻ ነበር፤ የእርሱ ጆሮ ሁልጊዜ የቆመ ነው።

ገመቹ ከደራ የመጣ ልጅ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ፈንጣጣ ዓይኖቹን ወስዶበት ነበር። እናቱ ለየኔታ አስረክባው በየገበያው ቀን የበቆሎ እሸት ተሸክማ ልትጠይቀው ትመጣለች። አማርኛን የተማረው ከእኛ ከልጆቹ ስለሆነ ስድቡን ከሁላችንም አሳምሮ ያውቀዋል፤ ሲገረም ግን በቋንቋው «ማል ጄታ!» ይላል፤ ምን ትላለህ ማለቱ ነው። አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም። የኔታ «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል በጠቀሱ ቁጥር ወደ እርሱ ዘወር ብለው «ይህ አንተን አይመለከትም» ይሉት ነበር።

ማንበብ ስለማይችል ቃሉን የሚያቀብለው ልጅ ያስፈልገው ነበርና የኔታ እኔን መረጡኝ። እኔ ከመጽሐፉ አነባለሁ፤ እርሱ ተቀብሎ ይደግማል። በመጀመሪያው ቀን የኔታ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገው ይዘው «ዳኛቸው፥ ይህ ልጅ ያነበብኸውን ከፈጠርኸው መለየት አይችልም። አንዲት ቃል ብታጎድልበት ወይም ብትጨምርበት፥ ስሕተቱን እውነት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይዘምረዋል። ዕዳው የአንተ ነው» አሉኝ። ፈራሁ፤ ኮራሁም። በዳዊቱ ላይ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ አንዲት ቃል አላጠፋሁበትም።

ከቅጥሩ በስተጀርባ የጨርቅ ነጋዴዋ የእትዬ ዘይነባ ቤት ነበር። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያላቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሣጥኑን ወደ በረንዳው አዙረው ልጆችን ይጠራሉ፤ ሕጋቸው አንድ ነው፦ እግሩን ያልታጠበ በረንዳውን አይረግጥም። እኔም ለየኔታ «ልብሴን ላጥብ» ብዬ ወደ ቦኖው እሄዳለሁ፤ እግሬን ብቻ ታጥቤ በረንዳው ላይ እገኛለሁ። የየኔታ አስተያየት በቴሌቪዥን ላይ የታወቀ ነበርና ፈቃድ መጠየቅ የሚታሰብ አልነበረም።

በዚያ በረንዳ ያየነው ተከታታይ ፊልም ከጃፓን የመጣ፥ ሁሉ ነገሩ በሥዕል የተሠራ ነበር። አንዲት ሴት በአማርኛ እየተረጎመች ትተርከዋለች። በባሕር መካከል ካለች ዐለት ላይ አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ትኖራለች፤ ከማማው ጫፍ ታላቅ ፋኖስ እያበሩ ለመርከቦች መንገድ ያሳያሉ። አባቷ በመርከብ ሄዶ አልተመለሰም፤ መርከብ በመጣ ቁጥር ከሚወርዱት መካከል እርሱን ትፈልጋለች። ስሟን መጥራት ስላቃተን «ባለፋኖሷ» አልናት። ከእኛ መካከል ባሕር ያየ አንድም አልነበረም፤ ከሁላችን የተሻለው ዝዋይን በመኪና መስኮት ያየው ነበር፥ እርሱም ተኝቶ እንዳለፈ ኋላ ታወቀ።

ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ያየሁትን ለገመቹ እነግረዋለሁ። እርሱ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ለልጆቹ ይተርከዋል። ቀድሞ ተራኪው እኔ ነበርሁ፤ እኔ ስተርክ ግን ልጆቹ ጉንዳን ይቆጥራሉ። ገመቹ ሲጀምር እስትንፋሳቸውን ይይዛሉ። ባዶ ጣሳ ወደ አፉ አስጠግቶ ሲተነፍስበት ማዕበሉ ይመጣል፤ አያትየውን በየኔታ ሳል ያስላቸዋል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ያዩት ልጆች እንኳ እንደገና ሊሰሙት ይመጣሉ፤ ሲጨርስም «ልክ ነው! እንደዚያው ነው!» ብለው ይመሰክሩለታል። ያን ጊዜ ፊቱ እንዴት ይበራ እንደ ነበር መግለጽ አይቻለኝም። «ማን ነገረህ?» ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ሳለሁ እትዬ ዘይነባ «አንተ የቄስ ተማሪ» አሉኝ። «ያ የሚተርከው ልጅ ጓደኛህ ነው አሉ። ከሳምንት ይዘኸው ና፤ እዚህ ከኔ ጎን ተቀምጦ በጆሮው ይስማ።»

«እኔ እኮ ነኝ የምነግረው፥ እትዬ» አልሁ።

«አንተማ ባለፈው ስትነግረኝ እንቅልፍ ወሰደኝ፥ ልጄ» አሉ፤ በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን ተቃጠለ። በዚያ ቅዳሜ አንድ መርከበኛ ወደ ዐለቱ መጥቶ የአባቷን ቆብ ለባለፋኖሷ ሰጣት፤ አባቷ እንግዲህ አይመለስም ማለት ነው። ልጆቹ ሲያለቅሱ ትዝ ይለኛል። ከቆቡ በኋላ የሆነውንም ተቀምጬ አየሁት፤ ስመለስ ግን ስለ ቅናቴ እንጂ ስለ ባለፋኖሷ አላስብም ነበር።

ምሽት ላይ ገመቹ እንደ ልማዱ ጉልበቱን አቅፎ «እሺ፥ ቀጥል» አለኝ። እስከ ቆቡ ያለውን እውነቱን ነገርሁት። ከዚያ ወዲያ ከራሴ ጨመርሁ፦ ልጅቱ ተቆጥታ ፋኖሱን አጠፋችው፤ በዚያች ሌሊት የመጣው መርከብም ከዐለቱ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ፥ ሰዎቹም ሰጠሙ አልሁት።

ገመቹ ያቀፈውን ጉልበቱን ለቀቀ። ከዚያም «ዳኜ፥ ባለፋኖሷ ይህን አታደርግም» አለ።

«አደረገች እኮ!»

«አታደርግም። እሷን አውቃታለሁ።»

«በዓይኔ አይቼ! ማርያምን!» አልሁ።

የእመቤታችንን ስም ጠርቼ በሐሰት ማልሁ። ገመቹ መሐላ የሰማ ጊዜ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ማርያምን ካልህማ እውነት ነው» አለ። እትዬ ዘይነባ እንደ ጠሩትም አልነገርሁትም።

በማግሥቱ እሑድ በዛፉ ሥር እንደዚያን ቀን አሳምሮ ተርኮ አያውቅም። ያላመነውን ታሪክ ስለ መሐላዬ ብሎ አምኖ፥ ለተቆጣችው ልጅ እንድናዝንላት አድርጎ ተረከው። ፋኖሱ ሲጠፋ ግን ልጆቹ ተንጫጩ። «ውሸት! አላጠፋችም!» አሉ በረንዳው ላይ የነበሩት። ግርማ የሚባለው ትልቁ ልጅ ተነሥቶ «አንተ ዕውር፥ ከየት አይተኸው ነው የምታወራው?» አለው፤ ጣሳውንም ከእጁ ነጥቆ ወረወረው። ሌሎቹ ሳቁ። ባለፈው እሑድ «ልክ ነው» ይሉ የነበሩት ያው ልጆች ናቸው።

ገመቹ ፊቱን እኔ ወዳለሁበት አዞረ። የት እንደ ተቀመጥሁ ሁልጊዜ ያውቃል። «ዳኜ፥ ንገራቸው እንጂ» አለ።

እኔም «እኔ እንደዚያ አላልኩትም» አልሁ።

አልጮኸም፤ አልከሰሰኝም። «ቶሌ» አለ፥ በቋንቋው ይሁን ማለቱ ነው። በትሩን ፈልጎ አነሣና ብቻውን ሄደ። ልከተለው ተነሥቼ ነበር፤ ልጆቹ የሚያዩኝ ስለ መሰለኝ መልሼ ተቀመጥሁ።

ሰኞ ጠዋት ዳዊቱን ዘርግቼ ስጠብቀው በየኔታ ፊት ቆሞ «ቃሉን ሌላ ልጅ ያቀብለኝ» ብሎ ለመነ። የኔታ «ምን አድርጎህ ነው?» ቢሉት «ምንም፤ ንባቡ ይፈጥንብኛል» አላቸው። የኔታ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔ መጽሐፉን ተመለከትሁ። ከዚያ ወዲህ ገመቹ ተረት ሲተርክ የሰማው የለም። በሁለተኛው ዓመት እናቱ መጥታ ወደ ሌላ መምህር ወሰደችው። ሲሄድ ሁላችንንም በየስማችን እየጠራ ተሰናበተ፤ እኔንም ጠራኝ። «እ» አልሁት እንጂ ይቅር በለኝ አላልሁትም።

ኋላ አድጌ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ፤ ስግደቱን ሰገድሁ፥ ጾሙን ጾምሁ። ወንድሙን ያልታረቀ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ይተው የሚለውንም ለብዙ ሰው አስተማርሁ። እኔ ግን ገመቹን አልፈለግሁትም። ቢፈልጉት የማይገኝ ሰው አልነበረም፤ አፈርሁ እንጂ።

ካቻምና ለንግሥ በዓል ወደ አዳሚ ቱሉ ተጠርቼ ሄድሁ። ከማኅሌቱ በኋላ ካህናቱ በተቀመጡበት አዳራሽ በትልቅ አክብሮት የሚታጀቡ አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ አየሁ። ቀርቤ «እንደምን ዋሉ፥ መሪጌታ?» ከማለቴ ጽዋቸውን አስቀመጡ።

«ዳኜ ነህ?»

«ነኝ፥ እርስዎ እንደምን—»

«አንተ በለኝ እንጂ! ማል ጄታ? እርስዎ ይለኛል እንዴ ይሄ ሰውዬ!» ብሎ እጄን ያዘ፤ አጠገቡ የተቀመጡት ካህናት ሳቁ።

እጁን እንደያዝሁ ተንበረከክሁ። በሐሰት የማልሁበትን፥ የካድሁትን፥ የሸሸግሁበትንም የእትዬ ዘይነባን ግብዣ ሁሉንም ነገርሁት። ግብዣውን ሲሰማ ብቻ ፊቱ ጥቂት ተለወጠ። «በረንዳው ላይ፥ ከጎናቸው?» አለ በዝግታ። ከዚያም «ተነሥ፥ ልብስህ ይቆሽሻል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፤ ልጆች ነበርን» ብሎ ትከሻዬን ደገፈኝ። ወዲያውም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አንድ ነገር ግን ንገረኝ። ቆቡን ከተቀበለች በኋላ ምን አደረገች?»

አፌን ከፈትሁ። የመጣልኝ ያ የጠፋው ፋኖስና የተሰበረው መርከብ ብቻ ነው። እውነተኛውን አይቼዋለሁ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን ያን ውሸት ዕድሜዬን ሙሉ በኀፍረት ስደጋግመው እውነቱ ከውስጤ ወጥቷል። የኔታ ሐሰቱን ይዞ ይቀራል ያሉት ልጅ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

«ፋኖሱን አላጠፋችም» አልሁት በመጨረሻ።

«እሱንማ ያኔም ነግሬሃለሁ» አለ ገመቹ።

ወደ አዳማ ስመለስ ሶልያናን ፈልጊልኝ አልኋት። ስለ ባሕሩ፥ ስለ ማማው፥ ስለ ቆቡ የነገርኋትን ሁሉ በስልኳ ላይ እየጻፈች ብዙ ቀን ደከመች። «አባባ፥ ስሙን ካላወቅን እኮ ከባድ ነው» አለችኝ። አልተገኘም። ለገመቹ ስደውልለት «ፈልጊ በላት፤ እኔ አልቸኩልም» ይለኛል፤ እኔ ግን የሁለታችንንም ዕድሜ አስቤ እቸኩላለሁ።

ሶልያና ከጎኔ ተቀምጣ ስታይ አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ያመልጣታል። ያን ጊዜ ጣቷን በስልኩ ላይ ወደ ኋላ ሳብ ታደርገዋለች፤ ያለፈው ይመለሳል፤ የተናገሩት እንደ ተናገሩት፥ ያለቀሱት እንዳለቀሱት እንደገና ታየዋለች። የዛሬን ልጅ ማንም ስለ ማንም ቢዋሸው መልሶ ማየት ይችላል። በእኛ ዘመን ቅዳሜ አንድ ጊዜ ካለፈች አትመለስም ነበር፤ ገመቹ ያለፈውን ወደ ኋላ የሚመልስለት አንድ ነገር ብቻ ነበረው፥ እርሱም እኔ ነበርሁ።