የጀልባዋ ጠርዝ ጎማ

እህቴ ከሞጣ ስትደውልልኝ ቢቸና ባለችው ሱቄ ተቀምጬ የሚኒባስ ወንበር ልብስ እሰፋ ነበር። እንጀራዬ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ እጄን ቆረጠችኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ባሏ ከባሕር ዳር አንዲት ያረጀች የፋይበር ጀልባ ገዝቶ፣ በጭነት መኪና አስመጥቶ፣ ከሞጣ ወዲያ ደግሞ በሰው ሸክም ቁልቁል አስወርዶ ዓባይ ላይ ሰው ማሻገር ጀምሯል። እሷም መንገደኛውን እየደገፈች ታሳፍራለች፣ ታወርዳለች። የጀልባዋን ጠርዝ ዙሪያውን ያለበሰው ጎማ መሰል ፕላስቲክ ተላቆ ኖሮ፣ ራቁቱን የቀረው ፋይበር መዳፏን ሸረከተው።

«ባልሽስ ምን አለ?»

«‹ጎማ ነው እኮ› ይላል።»

በማግስቱ ማስቲሼንና ቢላዬን ይዤ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። ከእህቴ ጋር ቁልቁለቱን ወርደን ወንዙ ዳር ስንደርስ ባሏ ጀልባዋን ውሃው ላይ እንዳሰረ ጠበቀን።

«እንኳን ደህና መጣህ አማቼ! ቶሎ ለጥፍልኝና ሰው ላሻግር።»

«መጀመሪያ ትውጣና ትድረቅ።»

«ጀልባ ደግሞ ምን ይደርቃል? ኑሮዋ ውሃ ላይ!»

ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በግድ ወደ ዳር ጎተትናት። ትንሽ ሳትቆይ በጋቢው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጋትና «ይኸው ደረቀች» አለኝ። ስልችት ስላለኝ እሺ ብዬ በአንደኛው ጎን ማስቲሹን ቀባሁ። ጎማውን ጫን አድርጌ እጄን ሳነሳ እየተጠማዘዘ ተነሳ። ደግሜ ቀባሁ፤ ደግሞ ተነሳ። ሦስተኛ ጊዜ ይዞ የቆየ ሲመስለኝ ወደ ሌላው ጎን አለፍኩ።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ጎማው ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ተኮማትሯል። በፊት በኩል ሳስገጥመው ከኋላ ያንሳል፤ ከኋላ ስስበው የፊቱ ይነቀላል። ጥርሴን ነክሼ ስጎትት አማቼ ከጀርባዬ ቆሞ «ሳብ! ሳብ በለው!» ይለኛል። ቢላዬን መሬት ላይ ወርውሬ «ና አንተ ሳበው!» አልኩት። ሳበው። ከእጁ አምልጦ ፊቱን ገረፈው። እውነት ለመናገር አላዘንኩም።

የወንበር ፕላስቲክ ሲደርቅብኝ በሙቀት እንደማለሰልሰው ትዝ አለኝ። እህቴ በደህና እጇ እንጨት ለቃቅማ ውሃ አፈላች። የአሮጌውን ማስቲሽ ቅሪት ፍቄ፣ ጠርዙን ፀሐይ እስኪያደርቀው ጠብቄ፣ ጎማውን ከፍል ውሃ እያወጣሁ ጣቴ እየተቃጠለ ለጠፍኩት። ደረሰ። ልክክ አለ።

«በቃ፣ እንሂድ» ብሎ አማቼ ጀልባዋን መግፋት ጀመረ።

«እስከ ነገ አይነካም!»

«ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»

እውነቱን ነው፤ ሽንኩርት የያዙ ነጋዴዎችና አንድ ሽማግሌ ቄስ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ነጋዴዎቹ ማጉረምረም ጀምረዋል። እህቴ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። በጨርቅ የታሰረ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«እኔን ከነቁስሌ ግፋኛ።»

አልገፋም። ቄሱ ሳቅ አሉና፣ «ልጆቼ፣ ማደሪያ የለው የሚባለው ዓባይ ነው፤ እኛስ እናድራለን» አሉ። ነጋዴዎቹም ሳይወዱ በግዳቸው ሸክማቸውን ፈቱ።

ጠዋት ሮጬ ሄጄ አየሁ። በፍል ውሃ ያለሰለስኩት ጎን እንደ ተሰፋ ይዟል። እርጥብ ላይ የለጠፍኩት ግን ከዳር እስከ ዳር ተልጦ አሸዋው ላይ ተጋድሟል። ማስቲሹ አልቋል። ሌላ ለማምጣት ያንን ዳገት ወጥቶ መመለስ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አማቼ አጠገቤ መጥቶ «አላልኩህም? አይዝም ብዬህ ነበር» ሲለኝ ተነስቼ ካጠገቡ ሄድኩ፤ ብቀመጥ ኖሮ እንጣላ ነበር።

ስሄድ አንድ ገበሬ ሽንኩርቱን በጥቁር ቱቦ ሲያጠጣ አየሁት። የተረፈች ቁራጭ ለምኜ ተመለስኩ። ቱቦውን በቁመቱ ሰንጥቄ ጠርዙ ላይ አለበስኩት፤ በጋለ ሚስማር እየበሳሁ በሽቦ አሰርኩት፤ የሽቦውንም ጫፍ ሰው እንዳይወጋ ወደ ውስጥ አጠፍኩት። መልክ የለውም። አንዱ ጎን ነጭ፣ ሌላው ጥቁር። እህቴ በደህና እጇ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችውና «ተሻገሩ» አለች።

ቢቸና ከተመለስኩ በኋላ ደወልኩላት። ቁስሏ ደርቋል፤ ቱቦውም እንደያዘ ነው።

«ባልሽስ?»

«ደስ ብሎታል። ‹ቱቦውን ያሰብኩት እኔ ነኝ› እያለ ለመንገደኛ ሁሉ ያወራል» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የጣቶቼ ቆዳ ገና እየተላጠ ነበር።