አልጋ አይዘለልም

የታሰርኩበትን ክፍል መጀመሪያ ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው፤ ሌላው አብጦ ተዘግቶ ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቴ ፖሊሶች ሲወስዱኝ ጥፋቴ ምን እንደሆነ ጠይቄ ነበር፣ መልሱ በዱላ መጣ። እኔ እንደሁ አፌ አያርፍም፤ በሰፈር ስብሰባ ላይ ያለ ጥፋታቸው ስለታፈሱ ልጆች ተናግሬያለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከዚራ ሰፈር ረብሻ ተነስቶ አንድ ወጣት ጭንቅላቱን በድንጋይ ተመታ። «መቺው አንተ ነህ፣ እመን» አሉኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ተኝቼ ነበር።

ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ጎድኔን በጫማ ሲረግጡኝ አጥንቴ ሲሰበር ራሴ ሰማሁት። ደም መትፋት ስጀምር እንዳልሞትባቸው ሆስፒታል ወስደው ቀኝ እጄን ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና አሰሩት። መርማሪው ከሰዓት እንደሚመለስ ነገረኝ፤ ካመንኩ ዱላው ያበቃል፣ ካላመንኩ የቀረውን ጎድን ይጨርሰዋል። ያላደረግሁትን ላምንለት ወስኜ ነበር። ሰልችቶኝ ነበር አቦ።

ድሬ ላይ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው የራሱን ብቻ አይቶ አይወጣም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየዞረ «ይማርህ» ሳይል መሄድ ነውር ነው። የእኔን አልጋ ግን ሁሉም ዘለሉት። የሚጠብቀኝ ፖሊስ ገና ከበር «ወንጀለኛ ነው፣ አትጠጉት» ይላቸዋል። አንድ ሽማግሌ ለዱዓ የዘረጉትን እጅ እኔ ጋ ሲደርሱ ሰበሰቡት። ከጎድኔ ይልቅ ያ አመመኝ።

ቀትር ላይ ድሪያ ቀሚስ የለበሱ እናት ገቡ። ልጃቸው ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ራሱን ስቶ ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ ውጪ ጠብቂ ስላሏቸው እስከዚያው እኛን ሊጠይቁ ነው የመጡት። አንዱን «አላህ ያሽርህ»፣ ሌላውን «እግዜር ይማርህ» እያሉ እኔ ጋ ደረሱ። ፖሊሱ በጠመንጃው መንገድ ዘጋባቸው።

«እናት፣ ልጅሽን የፈነከተው ይሄ ነው» አላቸው።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ተከሉብኝ። ያን ጊዜ ቢያንቁኝ አልፈርድባቸውም ነበር።

«አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ እናቴ።»

አፌን ሳልዘጋ ፖሊሱ በሰደፍ አገጬን መታኝ። ጥርሴ ከደም ጋር ደረቴ ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ «ያ ረቢ» ብለው በጠመንጃው ስር ጎንበስ ብለው አለፉና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በሻሻቸው ጫፍ አፌን ጠረጉልኝ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

«አንተም ሁን ሌላ፣ አሁን በሽተኛ ነህ» አሉኝ። «አልጋ አይዘለልም።» አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩና «እግዜር ይማርህ» ብለው ጨመሩ።

ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ ጎትቶ አስወጣቸው። ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ወዲያ ጩኸታቸውን ሰማሁት። ልጃቸው ሞተ። ቃሬዛው በኮሪደሩ ሲያልፍ መነሳት የቻለ በሽተኛ ሁሉ ተነሳ። እኔም ካቴናውን ይዤ ተነሳሁ። ፖሊሱ «ተኛ!» ብሎ ጎኔን በእርግጫ መታኝ፣ ወደቅሁ። እንደገና ተነሳሁ፤ ልጁ እስኪያልፍ ድረስ ቆምኩ።

ከሰዓት መርማሪው መጣ። «እህ፣ አመንክ?»

«ለእናቱ አይደለሁም ብያቸዋለሁ» አልኩት።

ሰውየው ቃሉን ጠብቋል፤ የቀረውን ጎድን ጨረሰው።

ማስረጃ አጥተው ከለቀቁኝ በኋላ አርብ አርብ ሆስፒታል መሄድ ለመድኩ፤ የምጠይቀው ዘመድ ኖሮኝ አይደለም። ፖሊስ የቆመበት አልጋ ሳይ እስከ ዛሬ ተመለስ ተመለስ ይለኛል። ግን አልዘለውም። ከታሰሩት አንዳንዱ በእርግጥ ሰው የገደለ ይሆናል። ገድለህ ነው ወይ አልለውም፤ እጁን ይዤ ይማርህ እለዋለሁ። እኚያ እናት ደሜን ሲጠርጉልኝ ስለ እኔ የሚያውቁት እኔ ስለ እሱ ከማውቀው አይበልጥም ነበር።