ፎቶ ወይስ ፊልም

መርሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ግማሹን ከተማ ጥቁር ጋዋን አልብሼ፣ ቆብ ደፍቼለት ለሳሎኑ ግድግዳ ያስመረቅሁት እኔ ነኝ፤ ራሴ ግን ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልዘለቅሁም። ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ሲወጣ ካሜራዎቹ፣ ማተሚያው፣ መጋረጃው ሳይቀር ተዘርፎ ጋዋኑ ብቻ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ባሌ አየው አየውና፣ «ይሄንን የተዉልሽ ራስሽ እንድትመረቂበት ነው» አለ። እሱ ቀለደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ያን ሰሞን ደግሞ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። በአውራ ጎዳናው መኪና ሲበዛ ወሬ ነው፣ መኪና ሲጠፋም ወሬ ነው። «ሊመለሱ ነው» ይባልና ገበያው በቀትር ይበተናል፤ በማግስቱ ሰው እየተፋፈረ ሽንኩርቱን መልሶ ይዘረጋል። እኔም በር ሥር ቦርሳ አዘጋጅቼ ነበር፤ የልጆቹ ልብስ፣ የትምህርት ማስረጃዬ፣ ዳቦ ቆሎ። ለሽሽት ይሁን ለትምህርት ያሰናዳሁት አንዳንዴ ለራሴም ይጠፋኝ ነበር።

ወልድያ የሚያስተምር የባሌ ጓደኛ አለ። የእኛ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ስለሚውል ምዝገባውን በኢንተርኔት የሚጨርስልኝ እሱ ነው። ነገሩን አጥርቶ ነገረኝ፦ «ደሴ የፎቶግራፍ ዲግሪ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ እየሠራሽ ትማሪያለሽ። ፊልም ካልሽ አዲስ አበባ ነው፣ ያውም የቀን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ምዝገባው ሳይዘጋ አንዱን ምረጪ።»

ባሌ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ማሽላ ሲያበቅል የሚውል ሰው ነው፤ ችኮላ አያውቅም። እኔ ቤቱን ስዞር እሱ ሻዩን እያማሰለ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» ይለኛል። ያናድደኛል፤ ያናደደኝ ደግሞ ልክ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ መንገዱ ቢዘጋስ? ልጆቼ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ደሴ ቢሆን ግን ምንም ቢመጣ በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ ብዬ አስባለሁ።

ልቤ ግን ፊልም ነው የሚለው። ፎቶ ሰልችቶኛል። እኛ አገር ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ትንፋሹን ይይዛል፤ ሊስቅ ይቅርና ዓይኑን አያርገበግብም። ሳላስበው እየሳቀ ያነሳሁት እንደሆነ «አበላሸሽኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ያው ሰውዬ ሰርግ ላይ ቪዲዮ ስቀርጸው ግን ትንሽ ቆይቶ ይረሳኛል፤ ይበላል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። እዚያ ላይ ነው ሰው የማየው። ይህንን ለባሌ ብነግረው፣ «እሺ፤ ለልጆቹም ንገሪያቸው» አለኝ። አልነገርኳቸውም።

እንዲህ ስወላውል አንዲት እናት ከደጋው ወርደው ባዶው ፎቶ ቤቴ ገቡ። የመጨረሻ ልጃቸው ዘምቶ መርዶው መጥቷል። ሬሳ የለም። ለቅሶው ቅዳሜ ነው።

«ልብሱ አለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ዱላውም አለ። ይዤው የማለቅስበት ፊቱ ነው ያጣሁ። ፎቶ ተነሳ ስለው ነገ እያለኝ። አንድ ጊዜ ግን ሚዜ ሆኖ አንቺ ሰርጉን ቀርጸሽ ነበር ይሉኛል።»

«ይቀመጡ እማማ» ብዬ ወደ ቤት ሮጥሁ። ካሜራዎቹ ቢሄዱም የሰርጎቹን ቪዲዮ የያዘው ሃርድ ዲስክ በፌስታል ተጠቅልሎ በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ከርሟል፤ እስከ ዛሬ ስከፍተው ያስነጥሰኛል። የባሌን ላፕቶፕ ይዤ ተመለስሁና ሰርጉን ከፈትሁት። ልጁ አለ። ከሚዜዎቹ መሀል እስክስታውን ያስነካዋል።

አቆምሁት። ፊቱ የለም። ትከሻው አለ፣ ጥርሱ እንደ ነጭ መስመር ተስቦ ይታያል፣ ዓይኑ የት እንደገባ አይታወቅም። ትንሽ አሳልፌ አቆምሁት፤ ያው ነው። ስለቀው ቁልጭ ብሎ ይስቃል፣ ሳቆመው ይጠፋል። ስንቱን ሰው ያነሳሁ ሴት አንድ ፊት ማውጣት አቃተኝ።

እናቱ እጄን ያዙኝ።

«ለምን ታቆሚዋለሽ? ተይው ይጨፍር። እኔ ቁጭ በል ስለው እንኳ ቁጭ ብሎ አያውቅም።»

ተውሁት። ሲያልቅ መልሼ ከፈትሁላቸው። የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ሳያለቅሱ አዩት፤ አንዴም «ወይ ትከሻ!» ብለው ሳቁ። ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

ቪዲዮውን ግን ልሰጣቸው አልቻልሁም። ሰፈራቸው መብራት የለም፣ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ላፕቶፑን ይዤ ልምጣ እንዳልል፣ ለቅሶ ላይ ጭፈራ አይታይም። የከተማውም መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተርና ማተሚያ ያለው ጎረቤት ዘንድ ሄጄ ከደበዘዙት የሚሻለውን አሳትሜ ሰጠኋቸው። አፈርሁ። እሳቸው ግን በነጠላቸው ጠቅልለው መርቀውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ ለለቅሶው ወደ ደጋው ወጣሁ። ልብሱ ተዘርግቷል፣ ዱላው ተጋድሟል፤ እናቱ ፎቶውን ከፍ አድርገው ይዘው ይዞራሉ። ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ፊት ይፈልጋል፣ ግራ ይገባዋል። እሳቸው ታዲያ ሙሾውን ያቋርጡና ላየው ሁሉ ያስረዳሉ፦

«እየጨፈረ ስለሆነ ነው።»

ከዚያ ደግሞ ሙሾውን ይቀጥላሉ። አዲስ ሰው ይመጣል። «እየጨፈረ ስለሆነ ነው።»

ቁልቁለቱን ስወርድ ኔትወርክ የሚገኝበት ጠርዝ ላይ ቆሜ ወልድያ ለባሌ ጓደኛ ደወልሁ።

«ፊልም በልልኝ» አልሁት።

«መንገዱ ቢዘጋስ? ልጆቹስ?»

«እፈራለሁ» አልሁ። «ፊልም በልልኝ።»