ለጥንዶቹ የሚስማማ ዓሣ

ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የጨው ውሃ ዓሣ ማርቢያ ገንዳ አለኝ። ጨዉም ዓሣውም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ለብቻቸው ይኖሩበት ነበር፤ ባለፈው ክረምት ሦስተኛ ልጨምርላቸው ፈለግሁ። ገንዳው ጠባብ ስለሆነ የማይስማማቸውን ካመጣሁ ጥንዶቹ መሸሻ የላቸውም።

አዲስ አበባ ያለው ዓሣ ሻጭ የሁለት ዓሦች ፎቶ በስልክ ላከልኝ። አንዱ ሰፊና ደማቅ ቢጫ ነው፤ የሚበላው የባሕር ሣር ነው። ሌላው ጣት የሚያህል፣ መልኩ አሸዋ የሚመስል ሥጋ በል ነው።

እናቴ ቢጫውን መረጠች። «ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው፤ ማንን ይነካል?»

«ደምበጫ ያለው የወንድሜ ኮርማስ ምን ይበላል?» አሉ አባቴ። «ሣር አይደል? የጎረቤቱን በሬ የወጋው ማን ሆነና?»

«እሱማ ቀንድ አለው።»

ዓሣው ቀንድ ባይኖረውም ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ እንዳለው፣ ቦታ ሲጠበውም ሌሎችን እንደሚያሳድድ አንብቤ ነበር። ይህን ነገርኳት፤ ትንሹ ግን ሥጋ በል ቢባልም ደቃቅ ትል እንጂ ሌላ ዓሣ እንደማይነካ ጨመርኩላት።

በማግስቱ ሻጩ ደወለ። «እህቴ፣ ቢጫውን አስቀምጬልሻለሁ። ሰው ሁሉ የሚሻማበት ነው።»

ሰውን እምቢ ማለት ይከብደኛል። ጥንዶቹ ምግብ የምሰጣቸው መስሏቸው ወደ መስታወቱ ተጠግተው ነበር።

«ቢጫው ይቅርብኝ፤ ትንሹን ላክልኝ» አልኩት።

ትንሹ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሥር ተደብቆ ይውላል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ በጣቷ እያመለከተች «እዚያ ውስጥ አንድ አለ» ትላለች፤ ጥንዶቹ ከበላዩ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።