ጉድጓድ ነኝ

ነገሩን ሁሉ የቀሰቀሰችው አንዲት ቢጫ ቀስት ናት። ባለፈው ሳምንት እዚህ ሱሉልታ የተሰነጠቀ ስልኬን ላሠራ አንድ ስልክ ቤት ገባሁ። ባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ የራሱ ስልክ በርቶ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ሰይፍ በጀርባው ያዘለ የጌም ልጅ በሣር መሃል ቆሟል፤ ከፊቱ ያለችው ቢጫ ቀስት በዚህ ሂድ፣ እዚህ ጋ ታጠፍ ትለዋለች። ልጁን ወዲያው አወቅኩት። ቀና ስል ባለሱቁንም አወቅኩትና ደሜ ፈላ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነበር።

ይኸውልህ፣ እኔ ያደግኩት ሰበታ ነው። ከቤታችን በታች ወፍጮ ቤት ነበር፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ባለወፍጮው ለልጁ የከፈተለት ጌም ቤት። ገና በሩን ስታልፍ የዱቄት ብናኝና የጋለ ኮምፒውተር ሽታ አፍንጫህን ይይዝሃል። ወፍጮው ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ የስክሪኑ ብርሃን ይርገበገባል። ሴት ልጅ ጌም ቤት ምን ትሠራለች እያሉ ያላገጡብኝን ቤት ይቁጠራቸው። እኔ ግን ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እሱ ኪቦርዱን ይይዛል፣ እኔ እንግሊዝኛውን አነባለሁ።

ለዛሬ ልጆች ይህን ብትነግራቸው አይገባቸውም። ያኔ ጌሙ ውስጥ ቀስት የለ፣ ካርታ የለ። መንደሩ የተቃጠለበት ልጅ ትሆናለህ፤ ወዴት እንደምትሄድ የምታውቀው ሰው ጠይቀህ ነው። ዘበኛውን ታናግራለህ፣ ባለሱቋን ታናግራለህ፣ ያሉህ ካልገባህ እዚያው ትበሰብሳለህ። እኛም ትልቁ በር ድረስ ደርሰን ቁልፍ አጣን። ድልድይ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ቁልፉ ያለው ዌል ጋ ነው አለን። እኛ የምናውቀው ዌል፣ አስተማሪያችን ሃው አር ዩ ስትል በአንድ ድምፅ የምንመልስላትን ነው፤ አይ አም ዌል፣ ደህና ነኝ። ታዲያ ሰው ደህና የሚሆነው የት ነው? ሐኪም ቤት ነዋ፣ አለ ወንድሜ። ጌሙ ውስጥ ያለውን የሐኪሙን ቤት፣ አልጋ ሥሩን፣ ሣጥኑን፣ ማሰሮውን ስንበረብር ክረምቱ አለቀ።

አንድ ቀን ቧንቧው ውሃ አቁሞ ጀሪካን ይዘን የሰፈሩ ጉድጓድ ጋ ተሰለፍን። እዚያ የቆመውን ሰሌዳ ስንወጣ ስንገባ እናየዋለን፤ አንብበነው ግን አናውቅም። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም የውሃ ጉድጓድ ይላል። ከታች እንግሊዝኛው ላይ ዌል የሚለውን ሳይ ወንድሜን በክርኔ ጎሸምኩት። ተያየን፤ ከዚያ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከኋላችን የተሰለፉት ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው፣ ልጆች ደህና አይደላችሁም እንዴ አሉን።

"ጉድጓድ ነን፣ ኦቦ" አላቸው ወንድሜ።

ጀሪካኑን ጥለን ሮጥን። ስንደርስ የወፍጮ ቤቱ ልጅ የኛ ወንበር ላይ ተንፈላሷል። ጌሙ የነበረው አንድ የሴቭ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የኛን አጥፍቶ የራሱን ሴቭ አድርጎበታል። ክረምቱን ሙሉ የለፋንበት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ልጁ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን፣ "ቤቱ የኔ ነው፤ ምን ታመጣላችሁ?" አለ።

ምን እንደማመጣ አሳየሁት። ውሎ አድሮ እሱም ያው በር ጋ ደረሰና ቁልፍ አጣ። እየተለማመጠ መጥቶ፣ ሽማግሌው ምን ማለቱ ነው አለኝ። ወንድሜ የዋህ ነው፤ ሊነግረው አፉን ሲያሞጠሙጥ እግሩን ረገጥኩት። ደህና የሚኮንበት ቦታ ማለቱ ነው፣ ሐኪሙ ቤት ፈልግ አልኩት። ፈለገልሃ! በወፍጮው ጩኸት መሃል ሲራገም እስከ ደጅ ይሰማኝ ነበር፤ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አልነግርህም። ወንድሜ አንጀቱ አልችል እያለ እንንገረው ይለኛል። አስማልኩት። አንቺን ይንሳኝ ብሎ ማለልኝ። ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ያ ልጅ ሐኪሙ አልጋ ሥር ነበር። እኛም ከበሩ ማዶ ምን እንዳለ ሳናይ ቀረን። ይሁን፤ ዛሬም ቢሆን አይቆጨኝም።

ለኛ የተረፈችን ያቺው ቃል ናት። ወንድሜን ደህና ነህ ስለው፣ ጉድጓድ ነኝ ይለኛል። ሥራ ይዞ ተጂ ከተማ ከገባም በኋላ ስልክ ሲያነሳ መልሱ ይኸው ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጠይቄው ጉድጓድ ነኝ ሲለኝ፣ ነርሷ ደንግጣ ዞራ አየችን፤ እኛ ሳቅን። ከዚያ አልጋ አልተነሣም።

እና ይሄ ሰውዬ ስልኬን እየፈታታ፣ ጌሙ እንደ አዲስ ተሠርቶ መውጣቱን ይነግረኛል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስኩት ይለኛል፣ ደረቱን ነፍቶ። እኔን አላወቀኝም። አንድ ቀን ፊቱ ላይ ልወረውርበት እስካሁን ያቆየኋት ያቺ የዌል ፍቺ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች።

"ድልድዩ ላይ ያለው ሽማግሌ ምን እንዳለህ ገባህ?" አልኩት።

"የቱ ሽማግሌ?" አለኝ።

ስኪፕ አድርጎ አልፎታል። ቀስቷ እየመራች ቁልፉ ጋ አድርሳዋለች፤ ቁልፉ ሲያበራ ተጫነው፣ በቃ። ምን ውስጥ እንደነበር እንኳ ልብ አላለም። ይህን ጌም እንዲህ ያቀለሉትን ሰዎች ባገኛቸው አንድ ነገር አደርጋቸው ነበር። ሰው ማናገር ያደክማል፣ መሳሳት ያሰለቻል ብለው፣ የስንት ዓመት በቀሌን ከእጄ ነጠቁኝ።

ስልኬን ተቀብዬ ስወጣ ደህና ሁኚ እህቴ አለኝ።

"ጉድጓድ ሁን" አልኩት።

ፊቱ ልውጥ አለ። እርግማን መስሎታል፤ ይምሰለው። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ ግን የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺን ቃል ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም ነበር። በዚያ ሰውዬ ላይ ማባከኔ ቆጨኝ።