ፊርዓውን የሆነችው ሴትና የአባቴ አሚን

ዛሬ ጧት አባቴ ወደ ገራዶ ሰው ላከ። «ሽማግሌ እንዳትልኩ፤ ልጄ ኮምቦልቻ ወርዳ ትማራለች» ነው መልእክቱ። ከጓዳ ሆኜ ስሰማ የያዝኩት ወንፊት ከእጄ ወደቀ። እናቴ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ሳቀች። ደስታዬ አላስቀምጥ ስላለኝ እጽፈዋለሁ፤ አሁን መጻፍ እችላለሁና።

ነገሩ የተቆረጠው ሐሙስ ዕለት፣ ደሴ፣ ሆጤ፣ እኛ ቤት በተቀመጥነው ወዳጃ ነው። በዚህ የዱዓ ጉባኤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ወንዶቹ ከወዲያ ሆነው ይቀመጣሉ። ሐጃ፣ የሚለምነው ጉዳይ፣ ያለው ሐጃውን ይናገራል፣ መሪዋ አሮጊት ይመርቃሉ። አሚን ያለ ሰው ኋላ ነገሩን ቢያፈርስ የገዛ ዱዓውን አፈረሰ። አባቴ እኔን ለልጃቸው ሊያጩ ላሰቡት ገራዶዎች «ከሐሙስ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ» ብሏቸው ስለነበር እህል ውሃ ሳያሰኘኝ ሰነበተ።

እናቴ ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ። «አንቺው ተናገሪ። እኔ ብናገር ለልጇ አዳላች ይሉኛል።»

ምን ብዬ ልጀምር? «ሐጃዬ ኮምቦልቻ ወርጄ መማር ነው» አልኩና ከምስር፣ ከግብፅ ማለት ነው፣ ተመልሶ እዚያ ኮምቦልቻ የከተመው አጎቴ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ የነገረኝን ጀመርኩ። በምስር በጥንት ዘመን የገዙ ሴቶች ነበሩ። አንዲቱ ባሏ ንጉሡ ሲሞት አልጋ ወራሹ ሕፃን ነበርና «እኔ ልጠብቅለት» ብላ ተቀመጠች፤ ቆይታ ዘውዱን ራሷ ጫነችው። አገሩ እንዳያንገራግር ድንጋይ ላይ ስትቀረጽ ጢም አድርጋ ተቀረጸች። በቀይ ባሕር መርከብ ሰዳ ወደ እኛ ወገን ካለው አገር ዕጣን ታስመጣ ነበር። ከሞተች በኋላ ስሟን ከግንቡ በመሮ ፋቁት።

«ጢም?» አለች አንዷ ጎረቤት። «ይችም ፊደል ስትጨርስ ታበቅል ይሆናል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው አደፋፈረኝና «ፊርዓውን ሆና ገዛች» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጣሊያን ካሚዮን ከውጭ እያጓራ አለፈ።

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ሙሳን ያሳደደውን ከሓዲ በዱዓ መሀል ትጠሪያለሽ?»

ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ገራዶ ገባሁ አልኩ በልቤ።

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ሌላ ነው፤ ፊርዓውን የዙፋኑ ስም ነው። ደግሞስ ሙሳን ከውሃ አውጥታ ያሳደገችው ሴት ከዚያው ቤት አይደለችም?»

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ።

«ናት» አሉ። «ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አምና።»

እጃቸውን ዘረጉ። «ዕውቀቱን ይስጥሽ። ኮምቦልቻ ያድርስሽ።»

ሴቶቹ አሚን አሉ። ወንዶቹም አሚን አሉ። የአባቴ ወፍራም ድምፅ ግን አልነበረበትም። አሮጊቷ እጃቸውን አላጠፉም።

«ከወዲያ አንድ አሚን ጎደለኝ።»

እናቴ ነጠላዬን ጨብጣ ይዛለች። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣

«አሚን» አለ አባቴ።

የአጎቴ ሚስት ደግሞ «ብቻሽን አትምጪ፤ መደቡ ለሦስትም ለአራትም ይበቃል» ብላ ልካልኛለች። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ፊደል የሚያምራት ልጅ ወይም እህት ያለቻችሁ፣ ከሆጤም ሆነ ከደሴ ዙሪያ ላኩልን። ሰኞ ከገበያ ከሚመለሱት ጋር ነው የምወርደው። ትምጣ፣ አብረን እንወርዳለን።